አጥንታችንን የሚያፈርሰው ማን ነው?

በዒደል አድሓ ማግስት ከሥጋው ተለይቶ የተጣለውን አጥንት ያየ ሰው፣ አጥንት ማለት እንደ ድንጋይ የደረቀ፣ ሕይወት የሌለው ነገር ይመስለዋል። እኔ በደሴ ከተማ ጠዋት ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ በመድረሳ ሕፃናትን ቁርአን አስቀራለሁ። የባዮሎጂ ተማሪዎቼም ስጠይቃቸው የሚመልሱልኝ ይህንኑ ነው። በመድረሳ ግን ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) እርጅናቸውን ለጌታቸው ሲያመለክቱ አስቀድመው ያነሱት የአጥንታቸውን መድከም እንደሆነ ተምረናል። ታዲያ ሕይወት የሌለው ነገር ይደክማል እንዴ?

አጥንት ሕያው ነው። ዕድሜ ልኩን ይፈርሳል፣ ዕድሜ ልኩን ይገነባል። በአንድ አዋቂ ሰው አካል ካለው አጥንት 10 በመቶ ያህሉ በየዓመቱ በአዲስ ይተካል። የሚያፈርሱት ሕዋሳት ኦስቲዮክላስት ይባላሉ፤ ስሙን ያወጣላቸው በ1873 እ.ኤ.አ. ኮሊከር የተባለው የስዊዘርላንድ ተወላጅ ሊቅ ነው። እነዚህ ሕዋሳት አጥንቱ ላይ ተለጥፈው ዙሪያቸውን ካሸጉ በኋላ ከሥራቸው አሲድ ያፈሳሉ። አሲዱ ማዕድኑን ያሟሟል፤ የቀረውን ድር መሰል አካል ደግሞ ካቴፕሲን ኬ የተባለ ኢንዛይም ይቆራርጠዋል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጉድጓዱን ቆፍረው ሲጨርሱ ኦስቲዮብላስት የሚባሉት ገንቢዎች ይገቡና ወራት ፈጅተው ይሞሉታል። የጭቃ ቤት ያሳደሰ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የበሰበሰው ቋሚ ሳይወጣ አዲሱ አይቆምም፤ ማፍረሱም ምን ጊዜም ከመሥራቱ ይፈጥናል።

አፍራሾቹ የገንቢዎቹ ዘመዶች አይደሉም። የተገኙት ከደም ወገን ነው፤ በመቅኔ ውስጥ ተወልደው፣ ብዙዎቹ አንድ ላይ ተዋህደው አንድ ትልቅ ባለ ብዙ ኒውክሊየስ ሕዋስ ይሆናሉ። ይህን በግልጽ ያሳየችው አንዲት ሕፃን ናት። አፍራሽ ሕዋሳቷ ሥራቸውን ባለመሥራታቸው አጥንቷ እየደደረ የመቅኔዋን ቦታ ይዘጋባት ነበር። በ1980 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሐኪሞች እንደዘገቡት ከወንድሟ መቅኔ ተወስዶ ሲሰጣት አጥንቷ በሥርዓቱ መፍረስ ጀመረ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አፍራሾቹ ሕዋሳት የወንድ፣ ገንቢዎቹ ግን የራሷ የሴቷ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ ማፍረስ ሁሉ በሽታ አይደለም፤ የሚፈርስ ባይኖር ለደማችን ማደሪያ አናገኝም ነበር።

እጅግ የሚደንቀኝ ግን አፍራሹን የሚጠራው ራሱ የገንቢው ወገን መሆኑ ነው። ገንቢዎቹና በአጥንቱ ውስጥ የተቀበሩት ሕዋሳት ራንክ ሊጋንድ የሚባል ፕሮቲን ያወጣሉ። ይህ ቁልፍ ነው፤ አፍራሽ ለመሆን የሚጠባበቀው ሕዋስ ላይ ቁልፉ የሚገጥምበት ቀዳዳ አለ። ሥራው እንዲቆም ሲፈለግ ደግሞ ቁልፉን መንገድ ላይ የሚይዝ ኦስቲዮፕሮቴጀሪን የተባለ ሌላ ፕሮቲን ያሰማራሉ። ይህ ሁሉ የታወቀው በ1997 እና በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ከነዚህ በላይ የሚያዙም አሉ። ከካልሲየማችን 99 በመቶ ያህሉ በአጥንት ውስጥ ተከማችቷል፤ ልብም ጡንቻም ግን በደም ውስጥ ካለችው ጥቂት ካልሲየም ውጭ መሥራት አይችሉም። እሷ ስትጎድል እንቅርት ከሚወጣበት ዕጢ ጀርባ ያሉት አራት ትንንሽ ዕጢዎች ሆርሞን ይልካሉ፤ ገንቢዎቹም ቁልፉን ያበዛሉ፤ አፍራሾቹም ከአጥንቱ ጎተራ ካልሲየም ያወጣሉ።

ይህ ጉዳይ የደሴን ቤቶች በቀጥታ ይነካል። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የጦሳ ጉም በክረምት ቀኑን ሙሉ አይገፈፍም። እህቴ በወለደች ጊዜ እናቴ ልታርሳት ሐረጎን ወጥታ ከኮምቦልቻ መጣች። መጋረጃው ተጋርዶ፣ ሕፃኑ ተጠቅልሎ ሳምንታት አለፉ። ትንሽ ፀሐይ እንዲያገኝ ብጠይቅ፣ “አንተ ልጅ! ጨቅላ ፀሐይ ከነካው ምች ይመታዋል” አለችኝ።

እናቴ አራት ልጆች አሳድጋለች፤ ንግግሯን መናቅ አይገባም። ነገር ግን በአዲስ አበባ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው አጥንተው በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው መጽሔት ያወጡትን ነገርኳት። በሳንባ ምች ከታመሙ 500 ሕፃናት መካከል 210ሩ ሪኬትስ፣ ማለትም የአጥንት መልፈስፈስ ነበረባቸው። የሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ሕፃናት ግን ይህ የተገኘው በ20ዎቹ ብቻ ነው። ቆዳ ፀሐይ ካላገኘ ቫይታሚን ዲ አይሠራም፤ በእናት ጡት ወተት ውስጥም ያለው ጥቂት ነው። ቫይታሚን ዲ ሲጎድል አንጀት ካልሲየምን በሚገባ አይቀበልም፤ አፍራሾቹ ይጠራሉ፤ አዲሱም አጥንት ሳይጠነክር ይቀራል። የጎድን አጥንቱ የላላ ልጅ አክታውን አስሎ የሚያወጣበት ጉልበት ያንሰዋል። “እማ፣ የፀሐዩን ምች ስንሸሽ የሳንባውን ምች እንዳንጠራው” ስላት ዝም አለች። በማግስቱ ጠዋት ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ሕፃኑን እጅና እግሩን ገልጣ በረንዳ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይዛው አየሁ። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባው ብርሃን ለዚህ እንደማይጠቅምም ነገርኳት። እህቴም በአጥር በተከለለ ግቢዋ ክንዷን ብትገልጥ ለራሷም ይበጃታል። የልጁ የእጅ አንጓ ካበጠ፣ እርግብግቢቱ ሳይገጥም ከዘገየ ወይም እግሩ ከቆለመመ ግን ፀሐይ ብቻውን አይበቃም፤ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል።

የእናቴ የራሷ አጥንትስ? የሴት ልጅ ኢስትሮጅን የአፍራሾቹን ቁጥር የሚገታ ልጓም ነው፤ የወር አበባ ሲቋረጥ ልጓሙ ይላላል፣ አጥንትም ይሳሳል። በ2010 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው ዴኖሱማብ የተባለ መርፌ ያንኑ ቁልፍ በመያዝ ይሠራል፤ ምትክ ሳይሰጥ ከተቋረጠ ግን አፍራሾቹ በርትተው ይመለሳሉ። ለጉልበት ሕመም እየተባለ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ የሚዋጠው ፕሬድኒሶሎንም አጥንትን ያሳሳል። በሐኪም የታዘዘለት ሰው ግን በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጠው፤ ይህ ሌላ አደጋ አለው።

አጥንቱ የሳሳ ሰው ብዙ ጊዜ ችግሩን የሚያውቀው ወድቆ ሲሰበር ነው። በእኛ ቤት የሚያስፈራው ቦታ ለሱብሒ ዉዱእ የሚደረግበት ጥግ ሆኖ አገኘሁት፤ ጨለማ ነው፣ ወለሉም ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ባለፈው ሳምንት አምፖል አስገባሁበት፤ ግድግዳው ላይም እናቴ የምትይዘው እንጨት መታሁ።