ወደ ቀወት ለሠርግ፤ ስለ ሙሽሮችም ፎቶግራፍ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ የያዘ መንገደኛ፥ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ የአገሩ መልክ በድንገት ይለወጥበታል። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ተራራውን ፈልፍለው ካበጁት ዋሻ በወዲያኛው አፍ ብቅ ሲል፥ ደጋው በስተኋላው ይቀርና የይፋት ቆላ ከእግሩ በታች ተዘርግቶ ይታየዋል። ደብረ ሲናን አልፎ ቍልቍል ሲወርድ ካፖርቱን ያወልቃል፤ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያኽል ከምትርቀው ከሸዋ ሮቢት ሲገባ ደግሞ ጋቢውንም አጣጥፎ በክንዱ ይይዛል። እኔም ባለፈው ጥር የእኅቴ ልጅ የምትዳርበት ቀን አንድ ሳምንት ሲቀረው በዚሁ መንገድ ወርጄ ነበር።

ሸዋ ሮቢት የቀወት ዋና ከተማ ናት። በምዕራብ የደጋው ገደል እንደ ግንብ ቆሞባታል፤ በምሥራቅ ቆላው ወደ አፋር ሜዳ ይዘልቃል። በሮቢ ወንዝ ዳርና ዳር ሽንኩርትና ፍራፍሬ፥ በሜዳው ላይ ማሽላና ማሾ ይበቅላል። በ14ኛው መቶ ዓመት ይፋት ከዐፄ ዐምደ ጽዮን ጋራ የተዋጋ የሱልጣኖች አገር እንደ ነበረ ታሪክ ይናገራል። ዛሬ ግን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በጉርብትና ስለሚኖር፥ ሠርግ ሲደገስ ለሙስሊሙ ጎረቤት ለብቻው ዳስ ይጣልለታል፤ የራሱ ሰው ያረደውም ሥጋ ይቀርብለታል።

ከቤት ስደርስ ጠላው ተጠንስሶ፥ የዳሱም እንጨት ተተክሎ ነበር። ሙሽሮቹ ግን በአንድ ነገር ሳይስማሙ አገኘኋቸው፤ ይኸውም በፎቶግራፍ ነገር ነው። አዲስ አበባ የሚሠራው ሙሽራ አንድ ፎቶግራፍ አንሺ መርጦ፥ በማግስቱ ቀብድ ሊከፍል ተዘጋጅቷል። አሳቡም ከሠርጉ በፊት አንድ ቀን ከአንድ ሆቴል አትክልት ውስጥ ውሎ፥ በኪራይ ልብስ እንደ ሲኒማ ተዋናይ እየሮጡና እየተሽከረከሩ መነሣት ነው። ናሙናውን በስልኩ አሳየኝ፤ በውነቱ ያማረ ሥራ ነበር። ልጅቱ ግን ቀስ ብላ፥ «ጋሼ፥ እኔ ሣቂ ሲሉኝ መሣቅ አይኾንልኝም፤ ፊቴ ይደነግጣል። ሌላ ሰው ኾኜ መነሣት ደግሞ አልወድም» አለችኝ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ለስጦታ ይዤላት የመጣሁትን ከሻንጣዬ አወጣሁ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ከሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ ቤተ ሰቡ ሸሽቶ ሲመለስ፥ ከቤቱ ዕቃ ጋራ የፎቶግራፉም አልበም ጠፍቶ ነበር። ከእኅቴ የሠርግ ፎቶግራፎች አንዷ ብቻ በእኔ ዘንድ ስለ ተገኘች በትልቁ አሳትሜ አመጣኋት። የልጅቱ አባት ገና ሕፃን ሳለች ስላረፈ መልኩን አታውቀውም። እኅቴ ፎቶግራፉን ባየች ጊዜ ዝም አለች። እናቴ ግን በጣቷ እየነካች፥ «ይኼ አባትሽ ነው፤ ይኼ አያትሽ ናቸው፤ ይኼ ባዶ እግሩን የቆመው ይኸው አጎትሽ ነው» እያለች አንድ በአንድ ቈጠረች። ሙሽራውም ቀረብ ብሎ፥ «ከዳር የቆሙትስ ማን ናቸው እማማ?» ሲል ጠየቀ። «እሳቸውማ ሙስሊሙ ጎረቤታችን ናቸው፤ የሠርጉን በሬ ከገበያ መርጠው ያመጡልን እሳቸው ነበሩ» አለችው።

ልጁ ጥቂት አሰበና፥ «እኔ በመረጥኋቸው ፎቶግራፎች ውስጥ ከኹለታችን በቀር አንድም ሰው የለም» አለ። የቀብዱም ነገር በዚያ ሌሊት ቆየ።

ይህ ጕዳይ በብዙ ቤት የሚያጋጥም ስለ ኾነ፥ ለአንባብያን ጥቂት መግለጥ ይገባል። የሠርግ ፎቶግራፍ አነሣሥ በሦስት ይጠቃለላል። አንደኛው ሙሽሮቹ በመካከል፥ ወላጆች በግራና በቀኝ፥ ሚዜዎች ከኋላ ተሰልፈው የሚነሡት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የገባው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፥ ከርሱም በኋላ ልጆቹ ኃይጋዝና ቶኒ በቤተ መንግሥት ያነሡት የነበረው እንዲህ ያለ ሥርዐት ያለው ፎቶግራፍ ነበር። አንዱ የፊልም ጥቅል ባብዛኛው ከ36 ፎቶግራፍ ስለማይበልጥ፥ ዘመድ ኹሉ በአንዲት ፎቶግራፍ እንዲገባ ግድ ይኾን ነበር። የዛሬ ሰው ደረቅ ነው ብሎ ይንቀዋል፤ ዳሩ ግን ማንንም አይረሳም።

ኹለተኛው ነገሩ እንደ ኾነ የሚያነሣው ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ማንንም ሳያዝ ከሰው መካከል እየተዘዋወረ፥ የእናትን ዕንባ፥ የሚዜን ጨዋታ ይለቅማል። ይህ ለዐይነ አፋር ሙሽሮች ይስማማል፤ ከጥግ የተቀመጡ አሮጊት ግን ሳይነሡ ሊቀሩ ስለሚችሉ፥ መቅረት የሌለባቸውን ሰዎች ስም ጽፎ ለፎቶግራፍ አንሺው መስጠት ያስፈልጋል። ሦስተኛው የእኛ ሙሽራ የወደደው፥ ቦታና ልብስ ተመርጦ እንደ ትርኢት የሚነሡት ነው። ጨዋታና ካሜራ ለሚወዱ ባልና ሚስት ደስ ያሰኛል፤ የማይወዱትን ግን ፊታቸው ያጋልጣቸዋል።

ከዐይነቱም ሌላ አንሺውን መመርመር ይገባል። ነጭ የሐበሻ ልብስ በቀትር ፀሓይ ካሜራውን ስለሚያታልለው፥ ወይ ፊት ይጠቁራል፥ ወይ የጥበቡ ጥልፍ በንጣቱ ይጠፋል። ስለዚህ ምርጥ ምርጡን ሳይኾን የአንድ ሠርግ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲያሳይ መጠየቅ ብልኅነት ነው።

በማግስቱ ኹለቱ ሙሽሮች በኹለተኛው ዐይነት ተስማሙ፤ ከአንደኛውም አንድ የቤተ ዘመድ ፎቶግራፍ እንዲጨመር ቈረጡ። የሰዎቹን ስም እናቴ አስጻፈች። ለቤተ ክርስቲያኑም ካህኑን አስቀድመው ጠየቁ። በተክሊሉ ጧት አንሺው ጫማውን አውልቆ፥ ፍላሹን አጥፍቶ፥ ከተፈቀደለት ስፍራ ሳይነቃነቅ ቀለበቱን፣ ካባውንና አክሊሉን አነሣ፤ ሥጋ ወደሙ ሲቀበሉ ግን ካሜራውን አወረደ።

በቀትር የቆላው ፀሓይ ከቅንድብ በታች ጥላ ስለሚጥል፥ የቤተ ዘመዱ ፎቶግራፍ ከማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ተነሣ። የዚያ የደጉ ጎረቤት ልጅ ከሙስሊሞቹ ዳስ ተጠርቶ አባቱ ቆመውበት በነበረው ዳር ቆመ። ወደ ማታ ደግሞ ፀሓይ ገና ሳትጠልቅ ከደጋው ገደል ኋላ ስለምትሰወር፥ ለፊት የሚስማማ ለስላሳ ብርሃን በአገሩ ላይ ይቈያል። በዚያን ጊዜ ሙሽራው ከማሽላው አገዳ ክምር አጠገብ ጥቂት እንዲሯሯጥ ተፈቀደለት። ልጅቱም ማንም ሳያዛት ሣቀችበት፤ ያም ተነሣ።

ፎቶግራፎቹ በሦስት አልበም ታተሙ፤ አንዱ ከእኅቴ ቤት፥ አንዱ ከሙሽራው ወላጆች ዘንድ፥ ሦስተኛው ከእኔ ጋራ ተቀመጠ። ስልክ ይሰበራል፥ ቤትም እንደ ታየው ይዘረፋል፤ በሦስት ቤት ያለ ነገር ግን በቶሎ አይጠፋም።

እንግዲህ ሙሽሮች ሆይ፥ ፎቶግራፍ አንሺ ስትመርጡ ጎረቤት ምን አደረገ አትበሉ፤ እኛ እንዴት ያለን ሰዎች ነን ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎም ከብዙ ዓመት በኋላ ልጃችሁ ጣቱን በፎቶግራፉ ላይ አኑሮ፥ «ይኼስ ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቃችሁን ሰው አስቡ። ያ ሰው በፎቶግራፉ ውስጥ ይግባ።