ከተሞክሮዬ፦ የባሕር ምርምር በየብስ ይጀመራል

በባሕር ሥነ ሕይወት የማስተርስ ትምህርቴን የተከታተልኩት በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ ባለ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ፣ በኤላት ነው። ኮራሉ ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ ስለሚጀምር ስፍራው ለተማሪ ይመቻል፤ ኃላፊነቱ ግን ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት የዚህ ባሕረ ሰላጤ ኮራሎች ሙቀትን ከብዙዎቹ በተሻለ ስለሚቋቋሙ፣ ባሕሮች እየሞቁ ሲሄዱ ስፍራው የኮራል መሸሸጊያ ሊሆን እንደሚችል አመለከተ። ተስፋ የሚሰጥ ዜና ከሁሉ ይልቅ ጥብቅ ልኬት ይፈልጋል። ስለ ምርምር ዘዴ የተማርኩት ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

1. ውሳኔው ከመጥለቅ በፊት ይለቅ

በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ በባሕሩ ገጽ ካለው እጥፍ ይሆናል፤ ጠላቂው የሚጨርሰው አየርም እንዲሁ። እዚያ ወርዶ ማሰላሰል አይቻልም። ዮሲ ሎያ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት የኤላት ኮራሎች ጥናት ላይ የ10 ሜትር መለኪያ ገመድ እየዘረጉ ከሥሩ ያለውን መዝግበዋል፤ ዘዴው ዛሬም ይሠራበታል። ገመድ መዘርጋቱ ቀላል ነው። ከባዱ ገመዱ የሚያስነሣው ጥያቄ ነው፦ መሐሉ ሞቶ ሁለት ጫፉ በሕይወት ያለ ኮራል አንድ ነው ወይስ ሁለት? ገመዱ ጠርዙን ብቻ የነካው ይቆጠራል? መልሱ በጽሑፍ ካልተቀመጠ ጠዋት በአንድ ሕግ፣ ከሰዓት በሌላ ሕግ እንቆጥራለን። ስለዚህ የመስክ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ የደንብ ገጽ ነው።

2. ብዙ ቁራጭ ብዙ ማስረጃ አይደለም

ስቱዋርት ኸርልበርት እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተሙት ጽሑፍ ሐሰተኛ ድግግሞሽ ስለሚባለው ችግር ነው፤ ማንም የሥነ ምኅዳር ተማሪ ሳያነበው ሙከራ ባይጀምር እመክራለሁ። ሁለት ገንዳ አለን እንበል፤ አንዱ የሞቀ፣ አንዱ እንደ ወትሮው። በእያንዳንዱ ውስጥ 20 የኮራል ቁራጭ ብናስቀምጥ 20 ድግግሞሽ አገኘን ማለት አይደለም። ቁራጮቹ አንድ ውኃ፣ አንድ ፓምፕና አንድ መብራት ይጋራሉ፤ የታየው ለውጥ ከሙቀቱ ይምጣ ከገንዳው መለየት አይቻልም። ቁራጮቹ ከአንድ እናት ኮራል የተቆረጡ ከሆኑ ደግሞ በዘር አንድ ናቸው። ጥቂት ቁራጭ በብዙ ገንዳ ማሰራጨት፣ ከተለያዩ እናት ኮራሎችም መውሰድ፣ ድካሙ ይበዛል እንጂ የሚታመን መልስ ይሰጣል።

3. መጀመሪያ ዓሣው፣ ቀጥሎ ኮራሉ

ኮራል አይሸሽም፤ ዓሣ ይሸሻል። በአንድ መስመር ላይ ሁለቱንም የሚቆጥር ሰው ገመዱን ዘርግቶ ጥቂት ይታገሥና ዓሣውን ያስቀድም፤ የዋና ፍጥነቱንም አይለዋውጥ። ቆጣሪዎቹ ሁለት ከሆኑ ከመለያየታቸው በፊት አንድ ቦታ ላይ አብረው ቆጥረው ውጤታቸውን ያስተያዩ። ቆጣሪው ራሱ የመለኪያው አካል ነው፤ እንደ ማንኛውም መሣሪያ መፈተሽ አለበት።

4. ባዶ ቦታና ዜሮ ይለያያሉ

በሰንጠረዥ ላይ ዜሮ ማለት «ፈልጌ አላገኘሁም» ነው። ባዶ ቦታ ግን «አልፈለግሁም» ወይም «አላየሁም» ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 በባሕረ ሰላጤው ዲያዴማ ሴቶሰም የተባለው እሾኸ ረጅም የባሕር ጃርት በጅምላ አለቀ። ይህ እንስሳ ኮራሉን ሊያለብስ የሚችለውን አልጌ እየጋጠ የሚኖር በመሆኑ ጉዳቱ የእሱ ብቻ አይደለም። የጥፋቱን መጠን ለማወቅ ያስቻለው ቀድሞ የተያዘ መዝገብ ነው፤ ዛሬ የሚጻፍ ዜሮ ትርጉም የሚኖረው ሌላ ሰው በዚያው ስፍራ ትናንት ቁጥር ጽፎ ከነበረ ነው። ጥልቀትን፣ ሰዓትን፣ የውኃውን ጥራት ሳይሰለቹ መጻፍ ለማናውቀው ተመራማሪ የምንከፍለው ዕዳ ነው።

5. ስም ብቻውን አይበቃም፣ ማስረጃው ይቀመጥ

የተፈጥሮ አጥኚው ፔተር ፎርስኮል የቀይ ባሕርን ዓሦች ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1763 የመን ውስጥ ሞተ። ቆዳቸውን እንደ ተክል ናሙና ወረቀት ላይ ለጥፎ ያደረቃቸው ዓሦች ዛሬም ኮፐንሃገን ውስጥ አሉ፤ የሰጠውን ስም የሚጠራጠር ሰው ሄዶ ይመረምራቸዋል። በኤላት በብዛት የሚጠናው ስታይሎፎራ ፒስቲላታ የተባለው ኮራል በብርሃኑ መጠን ቅርፁን ስለሚለውጥ፣ በዓይን ብቻ የተሰጠ ስም ያሳስታል። መለኪያ የተቀመጠበት ፎቶና ቁጥር የተሰጠው ናሙና ካለ ግን ሌላው ሊያርመን ይችላል።

6. በሰላም መውጣት ከመረጃ ይቀድማል

አብረው ከሚጠልቁ ሁለት ሰዎች አንዱ «እንውጣ» ካለ ክርክር የለም። ያልተሟላ መስመር ሌላ ቀን ይሞላል።

አገራችን ባሕር የላትም ብሎ ይህን ሙያ የሚተው ወጣት ካለ አንድ ነገር ልንገረው። አንጀሎ ሴኪ እ.ኤ.አ. በ1865 በሜዲትራኒያን የሞከሩት፣ የውኃን ጥራት የሚለካው ክብ ሰሌዳ በጣናም በሐዋሳም ይሠራል፤ ሐሰተኛ ድግግሞሽም በሐይቅ ያው ሐሰተኛ ነው። አንድ ጥያቄ ምረጥ፤ የምትቆጥረውንና የማትቆጥረውን በወረቀት ለይ። ወረቀቱን ለጓደኛህ ስጠው። እሱ አንተን ምንም ሳይጠይቅ አንተ እንደምትቆጥረው መቁጠር ከቻለ፣ ምርምርህን ጀምረሃል።