በልጅ እርምጃ ወደ ውቅር

ቅዳሜ ማለዳ ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ከሰቆጣ ወደ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በእግር ወጣሁ። ለብቻዬ ስሆን ቶሎ የምጨርሰው መንገድ ነው። በስድስት ዓመት ልጅ እርምጃ ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ እኔም የምወደው ይህንኑ ነው። ጠጠር ይለቅማሉ፤ የፍየል መንጋ እስኪያልፍ ቆመው ይቆጥራሉ። ትልቋ ከአያቷ የለመደችውን የኽምጥኛ ሰላምታ ለአንድ እረኛ አቀረበች። ሲመልስላት ፊቷ በራ።

ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ናትና ፀሐዩ ልጅ ላይ ይበረታል። በማለዳ ተነሡ፤ ውኃና ቆሎ ያዙ። ጥላ ያለው ዛፍ ጥቂት ነው። በየጥቂት ርቀቱ አንድ ወይራ ቢተከል እናቶች ሕፃን አዝለው በወጡ ነበር፤ ይህን ከልቤ እመኛለሁ።

ወቅት ምረጥ ካላችሁኝ ነሐሴ እላለሁ። ምድሩ ይለመልማል፤ ልጃገረዶች ለሻደይ በዓል ወገባቸው ላይ የሚያስሩትን ለምለም ቄጤማ ፍለጋ ይወጣሉ። በዓሉ ስሙን ያገኘው ከዚያው ቄጤማ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ደርሰን ከአለት የተፈለፈለ መሆኑን ስነግራቸው ትንሹ ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰና፣ «አባዬ፣ ከውስጡ የወጣው ድንጋይ ታዲያ የት ሄደ?» አለኝ።

ድንጋዩን እየፈለግን ተመለስን።