ቦታው ያልታወቀ ድንጋይ

ከክረምቱ የቁፋሮ ትምህርት ተመልሰን ወደ መኝታ ክፍላችን በገባን ዕለት ጓደኞቻችን አስቀድመው የጠየቁን «ወርቅ አገኛችሁ ወይ?» ብለው ነበር። ወርቅ አላገኘንም። ይዘን የተመለስነው ውሃ የቋጠረ መዳፍ፥ ጭቃ የጠገበ ጫማና አንድ የሚያሳፍር ታሪክ ነው። መዳፋችን ድኗል፤ ጫማችንም ታጥቧል፤ ታሪኩን ግን ሳንናገር ብንቀር ዕዳ ይሆንብናል ብለን ይህን ጻፍን።

የሄድነው ወደ መልካ ቁንጡሬ ነው። ስፍራው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ዳር ይገኛል። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። በ1963 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር አንድ የሆላንድ ተወላጅ የውሃ አጥኚ የጥንቱን ዘመን የድንጋይ መሣሪያዎች እዚያ አስተዋለ፤ ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን፥ ከእርሱም በኋላ የኢጣልያ ሊቃውንት ቆፈሩት። የተገኘውም ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ይደርሳል። በአቅራቢያው ባልጩት የሚባል ስፍራ አለ፤ ስሙም እንደሚናገረው ምድሩ እንደ ጠርሙስ በሚያብረቀርቅ ጥቁር ድንጋይ የተሞላ ነው። ሁለቱም ስፍራዎች በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል።

እኛም ይህን ሁሉ በክፍል ውስጥ ተምረን ስለ ነበር፥ በደረስን ማግስት የጥንት ሰው ራስ ቅል አንሥተን ፎቶግራፍ የምንነሣ መስሎን ነበር። የተሰጠን ግን ሲባጎ፥ ሚስማር፥ ውሃ ልክ፥ ቱንቢ፥ ብሩሽና የግንበኛ ማንኪያ ነው። አራታችን አንዲት ሜትር በሜትር የሆነች ካሬ ደረሰችን። ጧት ጧት አፈሯን በጥቂት በጥቂቱ እንፍቃለን፤ የተፋቀውን በወንፊት እንነፋለን፤ ከቀትር በኋላ ዝናቡ ሲመጣ ካሬዋን በሸራ ሸፍነን በመጠለያው ውስጥ ድንጋይ ስናጥብና ቁጥር ስንጽፍ እንውላለን። በመጀመሪያው ሳምንት ያገኘነው አንድ የዘመናችን የጠርሙስ ክዳን ብቻ ነበር፤ እርሱንም በሥነ ሥርዓት መዝግበነዋል።

መምህራችን አንድ ነገር ሳይሰለቹ ይደጋግሙልን ነበር። ድንጋይ ብታገኙ አትንኩት፤ በመጀመሪያ ሦስት ቁጥር ጻፉ፤ ሁለቱ ከሲባጎዎቹ ያለውን ርቀት፥ ሦስተኛው ጥልቀቱን የሚናገር ነው፤ ቀጥሎም ወደ የት እንዳዘነበለ ጻፉ ይሉናል። ምክንያቱን ሲያስረዱንም፥ ወንዝ ያመጣቸው ድንጋዮች ብዙውን ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝተው ይገኛሉ፤ ሰው ተቀምጦ በጠረበበት ቦታ ግን ፍቅፋቂው በአንድነት ተከማችቶ ይቀራል፤ ስለዚህ የድንጋዩ ቃል ያለው በአተኛኘቱ ነው አሉን። ደግሞም ቁፋሮ ድጋሚ ፈተና የሌለው ትምህርት ነው፤ አንድ ጊዜ የተፋቀ አፈር ተመልሶ አይነባበርም። እኛም በደብተራችን ጽፈን ያዝነው፤ በልባችን ግን አልያዝነውም።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ሰማዩ ገና ከረፋዱ ጠቆረ። ሸራው ከመልበሱ በፊት ጥግዋን እንጨርስ ብለን ስንጣደፍ የማንኪያው ጫፍ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጨና ድንጋዩ ተፈንቅሎ በእጃችን ላይ ወጣ። ከባልጩት የተሠራ፥ በሁለት ወገን የተጠረበ፥ ጫፉ የሾለ የእጅ መጥረቢያ ነበር። አፈሩን በአውራ ጣታችን ጠርገን ከእጅ ወደ እጅ አቀባበልነው። ስለቱ ዛሬም ይቆርጣል። አራተኛው እጅ ላይ በደረሰ ጊዜ ዝም አልን፤ ከየት እንደ ወጣ በትክክል የሚያውቅ ከመካከላችን አንድም አልነበረምና።

ምክራችን አልረዘመም። ማን አየ? ቦታውስ ቢበዛ በአንድ ስንዝር ነው የሚሳሳት። ደግሞስ ከክረምቱ ሁሉ ያገኘነው ይህ ብቻ ነው። እንዲህ ተባብለን ድንጋዩን መልሰን አስቀመጥን፤ ለካነው፤ ሦስቱን ቁጥር በመዝገቡ ላይ አሳምረን ጻፍን። መምህራችን መጥተው አዩና ደስ አላቸው። ያ ደስታቸው ከሁሉ ይልቅ አስጨነቀን።

ሸራውን ስናለብስ ከአካባቢው ገበሬዎች መካከል ለብዙ ዓመት በቁፋሮ የሠሩ፥ ሁላችንም «አባባ» የምንላቸው ሽማግሌ ካሬዋን ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥

«ልጆቼ፥ ብዙ ዘመን የተኛ ድንጋይ መኝታው በአፈሩ ላይ ይታያል። ይኼኛው ዛሬ መጥቶ የተቀመጠ እንግዳ ነው» አሉን።

«ለመምህሩ ይነግሩብናል ወይ፥ አባባ?» አልን።

«እኔ መቆፈር ነው የማውቀው፤ መጻፉ የእናንተ ነው» ብለው ገመዱን አስረው ሄዱ።

በዚያች ሌሊት ዝናቡ ድንኳኑን ሲደበድብ አደረ፤ እኛም አልተኛንም። መምህራችን ስለ ጎምቦሬ ዱካዎች የነገሩን ትዝ አለን። ከ700,000 ዓመት በፊት ትልልቆችና ሕፃናት በኩሬ ዳር ጭቃ ረግጠው አለፉ፤ የእሳተ ገሞራ አመድ ሸፈነውና የእግራቸው ቅርጽ እስከ ዛሬ ቈየ። ዱካ ማለት እንግዲህ ቦታ ብቻ ነው፤ አንሥተው በኪስ የሚይዙት አይደለም። አንድ ሕፃን ሳያውቅ የረገጠው ይህን ያህል ዘመን እውነት ሲናገር፥ ኮሌጅ የገባን አራት ሰዎች አውቀን የጻፍነው አንድ ቀን ሳይሞላው ሐሰት ሆነ። ከዚህም ይልቅ የከነከነን የሽማግሌው ቃል ነበር። እርሳቸው ከእኛ የበለጠ አይተዋል፤ የሚታመነው ግን የእኛ ጽሕፈት ነው። ያየ ሰው ሳይጽፍ፥ የጻፈ ሰው ሳያይ ቢቀር መማራችን ለማን ይጠቅማል?

በነጋ ጊዜ አራታችንም ሄደን ተናገርን። መምህራችን አልተቈጡም። በእርሳስ የጻፍነውን ለማጥፋት ላጲስ ብናወጣ ግን ከለከሉን። «ስሕተትም መዝገብ ነው፤ አይፋቅም» ብለው በቁጥሮቹ ላይ አንድ መስመር በቀለም አሰመሩበት፤ ከበታቹም የሆነውን እንዳለ አጽፈው አስፈረሙን። ድንጋዩ በከረጢት ገባ፤ በካርዱም ላይ ከካሬው ቁጥር ቀጥሎ «ቦታው በትክክል ያልታወቀ» ተብሎ ተጻፈ። ከዚያ በኋላ በቀሩት ቀናት ጥቃቅን ፍቅፋቂዎች አገኘን፤ አንዳቸውንም ሳንለካ አልነካንም።

ጓደኞቻችን ሆይ፥ በቤተ ሙከራ ውጤቱ እንዲገጥምልን ቁጥር የምናቃና፥ ያላነጋገርነውን ሰው እንደ ተነጋገረ አድርገን መጠይቅ የምንሞላ ጥቂቶች አይደለንም። ይህን የምንለው ልንገሥጻችሁ አይደለም፤ ከእናንተ እኩል ለማወቃችን ምስክሩ በዕቃ ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧልና። በመጪው ክረምት ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ ካርዱን ፈልጋችሁ አንብቡት፤ ጽሕፈቱ የእኛ ነው። ሽማግሌውንም ብታገኟቸው ሰላምታችንን አቅርቡልን፤ ከመቆፈራችሁም በፊት ጥቂት ጠይቋቸው።