«መዝግብ ብላለች»

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት ገብቼ ዋጋ ሳይ፣ ዘይቱ ከሰፈራችን ሱቅ በሊትር 30 ብር ይቀንሳል። ጋዜጠኛ ልሆን አይደል፣ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌ ለእማዬ በኩራት አነበብኩላት። ሽንኩርት መክተፏን እንኳ አላቆመችም። «እዚያ በዱቤ ይሰጡኛል? በብርጭቆስ ይቀዱልኛል?» አለች።

እውነቷን ነው። ባለሱቃችንም ቢሆን ከፋብሪካ ሳይሆን ከመርካቶ አከፋፋይ ገዝቶ፣ የመጫኛ ከፍሎ ነው የሚያመጣው። ግን አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ፤ አምስት ሊትር ባንዴ የሚገዛው ሰው በርካሽ ሲያገኝ፣ በብርጭቆ የምንገዛው እኛ አብልጠን እንከፍላለን።

ማታ «ዘይት አምጪ፤ እማዬ መዝግብ ብላለች በዪው» ተባልኩ። ስለ ዋጋው ልጠይቀው ቆርጬ ነበር የሄድኩት። ደብተሩን ሲገልጥ የኛ ገጽ ሞልቶ ሁለተኛው ተጀምሯል። ዘይቴን ተቀብዬ ወጣሁ።