ዲ ላይ አድርግልኝ

መርካቶ ውስጥ ዕቃ የሚፈለገው በመንገድ ስም አይደለም፤ በተራ ነው። ጋቢ የፈለገ ሸማ ተራ ይሄዳል፣ ጣራው የሚያፈስበት ቆርቆሮ ተራ፤ አሮጌ ብረት ተቀጥቅጦ ሌላ ነገር ሲሆን ማየት ያማረው ደግሞ ምናለሽ ተራ። ይህን የሚያህል ገበያ ሰው ሳይጠፋበት የሚውለው ስለተከፋፈለ ነው።

ግን ክፍፍል ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አንሥቶ ወደ ምዕራብ የወሰደው ሸማቹ ዕቃ በቀላሉ እንዲያገኝ አስቦ አልነበረም፤ «የአገሬው ገበያ» ከነጮቹ ሰፈር እንዲርቅ ፈልጎ ነው። በሌላ በኩል ቅመም ሻጩ ከቅመም ሻጭ፣ ጎማ ሻጩ ከጎማ ሻጭ ጎን ሲቀመጥ ሌላ ዓይነት ክፍፍል ይፈጠራል፤ ፈላጊ እንዳይንከራተት። ስለዚህ አንድ ነገር ሲከፋፈል ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው «ከምን ሊጠብቀን ነው?» ብዬ ነው።

ይህን ጥያቄ ያስለመደኝ ሥራዬ ነው። እዚያው መርካቶ፣ አንድ ሕንፃ ላይ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ኮምፒዩተር ስጠግን አራት ዓመት አሳልፌአለሁ። «ፎርማት እናደርጋለን፣ ሶፍትዌር እንጭናለን» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፏል። ዊንዶውስ ለማስጫን የመጣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠየቃል፦ «ሃርድ ዲስኩ ስንት ቦታ ይከፈል?» አብዛኛው «እንዳስለመዳችሁት» ይላል። እንዳስለመድነው ማለት ሁለት ነው፤ ሲ እና ዲ። (ከሲ የሚጀምረው ኤ እና ቢ ድሮ ለፍሎፒ ዲስክ ስለተያዙ ነው። ፍሎፒው ሞቶ ወንበሩ ባዶ ቀረ።)

ልማዱ ያለ ምክንያት አልመጣም። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ አጋማሽ የነበረው ፋት16 የሚባለው የፋይል አያያዝ ከ2 ጊጋ በላይ የሆነን ክፍል አይችልም ነበር፤ ትልቅ ዲስክ የገዛ ሰው ወዶ ሳይሆን ተገዶ ይከፍለዋል። ያ ግዴታ ካለፈ ብዙ ዘመኑ ነው። እኛ ዘንድ ልማዱን ያቆየው ግን ፍላሽ ነው። ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ዶርም፣ ከዶርም ወደ ቢሮ የሚዞር ፍላሽ ቫይረስ ይዞ ይመጣል፤ ዊንዶውሱ ይታመማል፤ ፎርማት ይደረጋል። ያኔ ሲ ይጠረጋል፣ ዲ ይተርፋል። ሙዚቃው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የሠርጉ ቪዲዮ ዲ ላይ ሆኖ ምንም ሳይነካ ሲገኝ ባለቤቱ ፈገግ ብሎ ይሄዳል። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው።

ጣጣውም እውነተኛ ነው። ጠባብ ሲ የተሰጠው ኮምፒዩተር ዓመት ሳይሞላው ቀይ መስመር ያሳያል፤ ዲ ላይ 300 ጊጋ ባዶ እያለ። ሰው «ሁሉን ነገር ዲ ላይ ነው የማስቀምጠው» ይላል እንጂ ዴስክቶፑም፣ ከኢንተርኔት የሚያወርደውም፣ ሆን ተብሎ ካልተዛወረ በቀር፣ ያለው ሲ ውስጥ ነው። ሲን ላስፋ ብትሉ ደግሞ የዊንዶውስ የራሱ መሣሪያ የሚፈቅደው ከጎኑ፣ በስተቀኝ፣ ባዶ ቦታ ካለ ብቻ ነው። መርካቶ ሱቅ ያለው ሰው ይሄ አይገርመውም፤ ጎረቤት ካልለቀቀ ግድግዳ አይገፋም።

ይሄን ሁሉ ከሱቁ ባለቤት፣ ጋሼ ከምንለው ሰውዬ ጋር ስንከራከርበት ከርመናል። እሱ «ለሁለት ክፈልለት፣ ደንበኛው እንቅልፍ ይወስደዋል» ይላል። እኔን ያሳሰበኝ ያ እንቅልፍ ነው።

አንዲት ልጅ ላፕቶፕ በነጠላ ጠቅልላ መጣች። በርቶ እያለ ከጠረጴዛ ወድቋል። ስከፍተው ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ ይህን ሙያ የሚሠራ ሰው የሚጠላው ድምፅ ነው። ውስጡ ያለው የአባቷ ድምፅ ነበር። ከማረፋቸው በፊት ስለ ልጅነታቸው እያጫወቷት በስልኳ ቀድታ ወደ ላፕቶፑ ገልብጣዋለች፤ ስልኩ ቆይቶ ተሰርቋል። እሷ ግን አልደነገጠችም።

«ወንድሜ፣ ሲ ቢበላሽ ችግር የለውም፤ እኔ ዲ ላይ ነው ያደረግኩት» አለችኝ።

ሌላ ሱቅ እንደዚያ ብለው ሰጥተዋት ነበር። ክዳኑን ፈትቼ ዲስኩን አወጣሁና በእጇ ሰጠኋት። «እህቴ፣ ሲም ዲም ይሄው ነው» አልኳት። ውስጡ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ ሲ እና ዲ እዚያው ሳህን ላይ ድንበር ተበጅቶላቸው የተለዩ ቦታዎች ናቸው። ሁለቱንም የሚያነበው ክንድ አንድ ነው። ድንበሩ ራሱ የተጻፈውም እዚያው ላይ ነው። ክንዱ ከተሰበረ ሲን ትቶ ዲን የሚያነብበት መንገድ የለም።

ዲስኩን አገላብጣ አየችውና «ታዲያ ለምን ሁለት ይሉታል?» አለች። ጋሼም ዝም፣ እኔም ዝም። ፋይሉን ማውጣት አልቻልንም። እንዲህ ያለው ዲስክ ከአቧራ በጸዳ ክፍል ውስጥ ተከፍቶ ነው የሚሞከረው፤ እኛ ያለን ዊንጭና ትዕግሥት ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ሸማ ተራ ሲቃጠል ጥያቄዋ ትዝ አለኝ። የሰው ዕድሜ ልክ ጥሪት የወደመበትን ቃጠሎ ከጠፋ ፋይል ጋር ማስተካከሌ አይደለም። ግን እሳት የማን ሱቅ የት ላይ እንደሚያልቅ አይጠይቅም። ተራ ዕቃ ለማግኘት ይረዳል እንጂ እሳት ለመከላከል አልተሠራም። ያን ዕለት ሌላ ሰፈር መጋዘን የነበረው ነጋዴና ያለው ሁሉ እዚያው የነበረው ነጋዴ እኩል አላነጉም።

ይከፈል ወይስ አይከፈል ለምትሉኝ እንግዲህ መልሴ ይኸው። ኤስኤስዲያችሁ 256 ጊጋ ከሆነ አትክፈሉት፤ ፎልደር ይበቃችኋል። አንድ ቴራ ካላችሁና ዊንዶውስ ቶሎ ቶሎ የምታስጭኑ ከሆነ ለሁለት ይከፈል፤ ሲ ግን ሰፋ ይበል። ሊኑክስን ከዊንዶውስ ጎን እዚያው ዲስክ ላይ መጫን ለሚፈልግ ደግሞ መክፈል ግድ ነው። ይህ ሁሉ የቤት አደረጃጀት ነው፤ እንዳሻችሁ።

የማይተካው ነገር ግን ዲ ላይ ስለሆነ አልተረፈም። «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» የሚባለው ለዚህም ይሠራል። የእናታችሁ ድምፅ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ፣ የልጃችሁ የመጀመሪያ ፎቶ ሌላ ዕቃ ላይ፣ ቢቻል ሌላ ቤት፣ ይቀመጥ። ኤክስተርናል መግዣ ከሌላችሁ አክስታችሁ ጋ የሚቀመጥ ፍላሽ ይሁን። ቴሌግራማችሁ ላይ ለራሳችሁ መላክም ይቻላል፤ በነፃው አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ይቀበላል።

ጋሼ ዛሬም ለሁለት ይከፍላል፤ እኔም ደንበኛ ካዘዘኝ እከፍላለሁ። ላፕቶፑን ሳስረክብ ግን ሒሳብ ከመቀበሌ በፊት አንድ ጥያቄ ጨምሬአለሁ፦ «ይሄ ነገር ዛሬ ማታ ቢሰረቅ፣ ሁለተኛው የት ነው ያለው?» ብዙዎቹ ይስቃሉ። አንዳንዶቹ ፊታቸው ይለወጥና ተመልሰው ይቀመጣሉ፤ ያኔ ፍላሽ አውጥተን መገልበጥ እንጀምራለን።