ሳሎን ግድግዳ ላይ ያለው ልዑል

ክሮይደን ውስጥ አንድ ሐበሻ ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ከሠርጉ ፎቶ ጎን፣ የልዑል ዓለማየሁ ምስል በጥቁር ፍሬም ተሰቅሏል። ቡናው እስኪፈላ እንግዳው ሁሉ እሱን ያያል።

ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ያነሳችው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1868 ዋይት ደሴት ላይ ነው። አባቱ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከሞቱ ሦስት ወር፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ካረፉ ሁለት ወር ያህል ሆኗል። ልጁ ገና ሰባት ዓመቱ ነው። በዚያ ዘመን ካሜራ ፊት ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቁ መቀመጥ ግድ ነበር፤ ስለዚህ ዝምታው የሐዘን ይሁን የትእዛዝ መለየት ያስቸግራል።

የቤቱ እመቤት ግን «ይህን ፊት አውቀዋለሁ» ትላለች። እሷም እዚያው ክሮይደን፣ ሉናር ሐውስ፣ ጥገኝነት ስትጠይቅ አሻራዋን ሰጥታ ፎቶ ተነስታለች። ንጽጽሩ እስከዚህ ድረስ ያስኬዳል፤ ከዚያ አያልፍም። እሷ በእግሯ መጥታ በር አንኳኩታለች። እሱን ግን ጦር ነው ይዞት የመጣው።

በ1879 ሊድስ ውስጥ በ18 ዓመቱ ሞተ። ዊንዘር ተቀበረ። በ2023 አጽሙ ይመለስ ሲባል፣ ቤተ መንግሥቱ የሌሎችን አጽም ሳይነካ ማውጣት እንደማይቻል ገልጾ እምቢ አለ። በዚያው ዓመት የሞግዚቱ የካፒቴን ስፒዲ ዘሮች ያቆዩት የጸጉሩ ዘለላ ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ኤምባሲ ተሰጠ። እናቱ ያሉት ትግራይ፣ ጨለቆት ሥላሴ ነው።